ሽማግሌ ሊመጣ በሩ ወደቀ

የእናንተን ቤት በር አላውቅም፤ የእኔ ግን ጸባይ ነበረው። ለመክፈት መግፋት ብቻ አይበቃም። መጀመሪያ በትከሻ ብድግ፣ ቀጥሎ በጉልበት ወደ ግራ ገፋ፣ ከዚያ ትንፋሽ ውጦ ሳብ ማድረግ ነው። የላይኛው ማጠፊያ ከተሰበረ ቆይቷል። የታችኛው ደግሞ ያን ሁሉ ላሜራ ብቻውን መሸከም ታክቶት አዝምሟል። አብነት፣ እኛ ሰፈር፣ በሬን መክፈት የቻለ ሰው ዘመድ ነው ማለት ነው። ያልቻለ ውጭ ቆሞ "ኧረ ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚከፈተው?" ብሎ ይጮሃል። ሌባ እንደዚያ ብሎ መጮህ ስለማይችል ይመስለኛል አንድም ቀን ደፍሮን አያውቅም።

ባለቤቴ እታገኝ "በሩን አሠራው" ባለችኝ ቁጥር "እሺ" እላለሁ። "እሺ" ማለት ነፍሴ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ልደታ ፍርድ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ዕድሜ ልኩን የሰው ጠብ ሲተይብ የኖረ ሰው የራሱን ጠብ ለመጀመር አቅም አይተርፈውም። ያኔም ቢሆን ጣቶቼ ናቸው እንጂ እኔ ችሎት ውስጥ አልነበርኩም። ከሳሽና ተከሳሽ ሲናጩ እኔ በመስኮቱ በኩል፣ ከልደታ ማርያም ጉልላት በላይ ቀስ እያለ ከሚያልፈው ደመና ጋር አብሬ እሄዳለሁ። ደመና ጥሩ ነገር ነው። ማንንም አይከስም፤ ይግባኝም አይጠይቅም።

ግን እውነቱን ላውራ ከተባለ፣ የዚያን ሰሞን በሩን ያላሠራሁት በስንፍና ብቻ አልነበረም። ለልጃችን ለማህሌት ሽማግሌ ተልኮ ነበር።

ማህሌት ብየዳ ታስተምራለች። አዎ፣ ብየዳ። ምህንድስና ተምራ፣ በዚያ ላይ ብረት ከብረት በእሳት የሚያያዝበትን ጥበብ ለይታ አጥንታ፣ አንድ የቴክኒክ ማሠልጠኛ ውስጥ መምህር ናት። ሊያገባት የሚፈልገው ዮናስ የሚባል ፋርማሲስት ነው፤ ጨዋ ልጅ፣ ሥራዋን የሚወድላት፣ እጇ ላይ ብልጭታ ያረፈባትን ቦታ ራሱ ቅባት የሚቀባላት። ችግሩ ቤተሰቡ ነው። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የመጡ ቀን የዮናስ አጎት አቶ ታፈሰ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ልጅቷን ወደናታል። ብቻ ከሠርጉ በኋላ ይሄን የእሳት ሥራ ትታ ቢሮ ነገር ብትይዝልን" አሉ። እኔ ምን እንዳልኩ ትገምታላችሁ። "እሺ፣ እንመካከርበታለን" ብዬ ለእሁድ ቀጠሮ ሰጠሁ።

ማህሌት ማታውን አጠገቤ ቁጭ አለች።

"አባዬ፣ ዮናስን እወደዋለሁ" አለችኝ። "ግን ሥራዬን ተዪ ካሉኝ አይሆንም በልልኝ። እኔ እዚያ ቆሜ መናገር አልችልም፤ አንተ ነህ የምትናገርልኝ።"

"እሺ" አልኳት።

"አይሆንም" የምትባለውን ቃል በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደተየብኳት እግዚአብሔር ይወቀው። ከአፌ ግን ወጥታ አታውቅም። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ልለማመዳት እሞክርና "አይ" ብዬ ጀምሬ "አይ እንግዲህ ደግ ነው" ሆና ታልቃለች። በሩን ሳየው ታዲያ አንድ የማይረባ ተስፋ ይመጣብኛል። በር ካልተከፈተ ሽማግሌ በምን ይገባል?

በዚያው ሳምንት ልደታ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ከተለያየ አገር የመጡ የብየዳ ሊቃውንት ተሰብስበው ነበር። ማህሌት ከእነሱ ጋር ትውላለች። ስለ ብየዳ ሳምንት ሙሉ ምን እንደሚወራ ባይገባኝ ጠየቅኳት።

"አባዬ፣ እኛ ጋ ጥሩ ብየዳ የሚባለው እነሱም ጋ ጥሩ መባል አለበት" አለች። "እዚህ የተፈተነ ልጅ እዚያ እንዲታመን፣ እዚያ የተሠራ ድልድይ እዚህ እንዲታመን። አንዱ ያወቀውን ለሌላው ያካፍላል፣ ይከራከራሉ፣ መጨረሻ ላይ ይስማማሉ።"

ነገሩ ልቤን ወሰደው። ከዚያ በኋላ ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ፣ ተክለ ሃይማኖት ጋ መንገድ ስሻገር፣ በሐሳቤ የዓለም ብረት ሁሉ ቀስ እያለ ሲያያዝ ይታየኛል፤ የአንዱ አገር ድልድይ ከሌላው አገር ሐዲድ ጋር፣ የባሕር ላይ መርከብ ከእኛ ሰፈር የውኃ ታንከር ጋር፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ለስላሳ ስፌት። አንድ ረዳት "ወራጅ አለ?" ብሎ ሦስቴ ጮኾብኛል። ሰፈሬን አልፌ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ስብሰባው አለቀና ማህሌት እንግዶቹን ለምሳ ቤት ይዛ መጣች። እታገኝ ናት ካላመጣሻቸው ያለቻት። ሦስት ነበሩ። አንደኛው ከፊንላንድ የመጣ፣ ቁመቱ ከአጥራችን የሚበልጥ፣ አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት ሁለት ጊዜ የሚያስብ ሰው ነው። ሁለተኛው የብራዚል ሰው፣ ሰፊ፣ ገና ሳይነግሩት የሚስቅ። ሦስተኛዋ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ሻርፕ የደረቡ፣ የህንድ ፕሮፌሰር ናቸው። ማህሌት ዕድሜያቸውን አክብራ "እርስዎ" እያለች ስለምታወራልን እኔም አንቱ አልኳቸው። በእንግሊዝኛ አንቱ ማለት እንደማይቻል ያወቅኩት ኋላ ነው።

ከውጭ ማህሌት "አባዬ፣ መጥተናል!" ስትል ሮጥኩ። በትከሻ ብድግ፣ በጉልበት ገፋ፤ ከዚያ ግን እንግዳ አክብሬ ልስገድ ብዬ ሳብ ማድረጉን ረሳሁት። በሩ "ቋ!" አለ። የታችኛው ማጠፊያም ተገነጠለና ያ ሁሉ ብረት ደረቴ ላይ ተጋደመ። በሩን እንደ ሕፃን ታቅፌ "ዌልካም" አልኩ።

ረጅሙ ፊንላንዳዊ ባይዘው ኖሮ ዛሬ ይህን የሚያወጋችሁ ሌላ ሰው ነበር። ይዞ አጋደመውና እኔ "ተጎዳህ ወይ" ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ሦስቱም የተሰበረው ማጠፊያ ላይ ጉብ አሉ። ፊታቸው እንዴት እንዳበራ! ሕፃን ልጅ ጉንዳን ጉድጓድ ሲያገኝ እንደዚያ ነው የሚሆነው። እታገኝ ከውስጥ "ወጡ ቀዘቀዘ!" ትላለች። ማንም አይሰማትም።

ፕሮፌሰሯ ከቦርሳቸው ትንሽ አጉሊ መነጽር አውጥተው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ያ ማጠፊያ በየጊዜው ሲሰበር በየጊዜው ተበይዶ፣ ብየዳ ላይ ብየዳ ተደርቦበት፣ የዝንጅብል ሥር መስሎ ነበር። በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ቀስ ብለው ማውራት ጀመሩ፤ ማህሌት ታስተረጉማለች።

"ይሄን የበየደው ሰው ትዕግሥተኛ ነው ይላሉ። እዚህ ጋ ያለው ተናዶ ነበር። ይሄኛው ደግሞ መሃል ላይ መብራት ሄዶበታል፤ ሲመለስ እሱ ሄዷል።"

እኔ አፌን ከፈትኩ። ትዕግሥተኛው አሁን በሕይወት የሌለው የታችኛው ሰፈር ባለሙያ ነው። የተናደደውን እንኳ ያናደድኩት እኔ ነኝ።

"እዚህ ጋ" አሉ ፕሮፌሰሯ፣ "ሰውየው በጣም ቸኩሏል። ልቡ ሌላ ቦታ ነው።"

ጎረቤታችን ሙስጠፋ፣ ከእኛ ቤት ቀጥሎ ብየዳ ቤት ያለው፣ ጫጫታውን ሰምቶ መጥቶ ከኋላችን ቆሞ ነበር። ፊቱ ቀላ።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ" አለኝ ዝቅ ብሎ። "የኒካዬ ሰሞን ነበር፤ ላገባ ስል።"

ማህሌት ይህን ስትነግራቸው ብራዚላዊው ሙስጠፋን አቅፎ ከመሬት አነሳው። ከዚያ በኋላ ሙስጠፋ ማሽኑንም፣ ማስኩንም፣ ሱቁንም ቢጠይቁት ይሰጣቸው ነበር።

አሁን ክርክሩ ተጀመረ። ብራዚላዊው ማስክ አጥልቆ "አሁኑኑ እንበይደው" ይላል። ፊንላንዳዊው መጀመሪያ ብረቱ ምን ዓይነት ብረት እንደሆነ ካልታወቀ አይነካም ይላል። ፕሮፌሰሯ የድሮው ሁሉ ተገፎ ይጣል ይላሉ። ሙስጠፋ በግራይንደር ጫር ሲያደርገው ፊንላንዳዊው እንደ ሞራ ገላጭ ብልጭታውን ትክ ብሎ አየ፤ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ "ድገመው" አለ። ተደገመ። ሦስቱም በሦስት ዓይነት እንግሊዝኛ ተነጋገሩ። የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ። አንዲት ጎረቤቴ "መንገድ ሊወጣ ነው እንዴ? ቤታችሁን ሊለኩ ነው?" ብላ ደንግጣ ጠየቀችኝ። "ኧረ በሬን ነው" አልኳት። "በር ለማሠራት ነው ይሄን ያህል ፈረንጅ?" ብላ ታዘበችኝ።

ልክ ሊስማሙ ሲሉ መብራት ጠፋ።

መብራት ኃይልን በዚህ ጉዳይ አመሰግናለሁ፤ ምሳ የተበላው ያኔ ነው። ወጡ እንደገና ሞቀ። እታገኝ ለረጅሙ ሰው ልታጎርሰው ወንበር ላይ መውጣት የሚያስፈልጋት መስላ ስትንጠራራ፣ እሱ በትሕትና ጎንበስ አለላት። በቤታችን እንደዚያ ሰፊ ሳቅ ከተሰማ ቆይቶ ነበር። እኔ በሩ የሌለበትን ክፍት ቦታ እያየሁ ተከዝኩ። በር የሌለው ግቢ ያምራል። መንገዱ ቤት ውስጥ የገባ፣ ቤቱም መንገድ የወጣ ይመስላል።

መብራት ሲመጣ ሰፈሩ "ሆ!" አለ። ማን ይበይድ? የሚለው ላይ እንደገና ተያዩ። ፕሮፌሰሯ ናቸው የፈረዱት።

"የቤቱ ልጅ እያለች እኛ ምን አገባን?" አሉ።

ማህሌት ፀጉሯን ጠቅልላ አሰረች፤ የሙስጠፋን ጓንትና ማስክ አጠለቀች። ሰው ሁሉ ዞር አለ።

"አባዬ፣ ዓይንህን! ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙር፤ እንዳታይ!"

"እሺ" አልኳት፤ ዞርኩም።

ግድግዳው ላይ መጀመሪያ ብርሃን፣ ከዚያ ጥላዋ መጣ፤ ትልቅ፣ ሰማያዊ፣ እየተወዛወዘ። ልጄ ብየዳ እንደምታስተምር አውቃለሁ፤ ግን ጨረቃ ሩቅ እንደሆነች እንደማውቀው ዓይነት ነበር የማውቀው። ስትሠራ አንድም ቀን አይቻት አላውቅም። ሕፃን ሆና መብረቅ ሲጮህ ኮቴ ውስጥ የምትደበቅ ልጅ፣ አሁን ከኋላዬ መብረቁን በጅራቱ ይዛ ብረት እየሰፋችበት ነው። እንዴት አልይ? ግድግዳ እያዩ ይሄን ማሳለፍ እንዴት ይቻላል?

ዞርኩ። አየኋት።

በእጇ ጫፍ ኮከብ ነበር። እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ቀስ እያለ፣ እንደሚተነፍስ ሰው እኩል እኩል ይሄዳል። ብልጭታው እግሯ ሥር እየወደቀ ይጠፋል። ዙሪያው ሁሉ፣ አጥሩም፣ ቆርቆሮውም፣ የልብስ ማስጫውም ገመድ፣ የሌላ አገር ይመስል ሰማያዊ ሆኗል። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ሲያልቅ ቶሎ ወደ ግድግዳዬ ተመለስኩ።

"አላየህም አይደል?" አለችኝ ማስኩን አንስታ።

"ምኑን?" አልኩ።

ሁለቱም ማጠፊያ ተበይዶ በሩ ቦታው ገባ። በአንድ ጣት ተገፍቶ ተከፈተ። ሰፈሩ አጨበጨበ። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ይላል ያገሬ ሰው። ፊንላንዳዊው ግን ብረትን መመርመር እንደቀዘቀዘ ነው አለን። አንዳንድ ብረት ሲበየድ ደህና ይመስልና አድሮ ከውስጥ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ተመልሰው ሊያዩት ይፈልጋሉ።

እታገኝ ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ። "ነገማ ሽማግሌ ነው የሚመጣው! ነገ አይሆንም በላቸው።" ማህሌት እጇን ልትታጠብ ገብታለች። ሦስቱም እያዩኝ ነው። ደረቴን ነፋሁ።

"ቱሞሮው" አልኩ፤ "ቱሞሮው… ዌልካም!"

ሊነጋጋ ሲል ዓይኔ ውስጥ የሆነ ሰው አሸዋ የደፋ መሰለኝ። ልገልጠው ብል አይገለጥም፤ ሲገለጥም እንባው ይዘንባል። ቀይ ሽንኩርት ተራ ያደርኩ እመስላለሁ። ሙስጠፋ ተጠርቶ መጣና አንዴ አይቶ፣ "ጋሼ፣ አይተዋል" አለ።

"ትንሽ ነው ያየሁት።"

"ትንሽ አይደለም። ቁጭ ብለው ነው ያዩት። እማማ እታገኝ፣ ጥሬ ድንች በስሱ ይቁረጡና ዓይናቸው ላይ ያድርጉላቸው። በሁለት ቀን ይተዋቸዋል።"

"ከቀኑ ሁሉ ዛሬ?" አለች እታገኝ። ድንቹን ስትቆርጥ ቢላዋው የሚያሰማው ድምፅ እኔን የምትቆርጥ ያስመስል ነበር። ማህሌት ድንቹን ዓይኔ ላይ አድርጋ፣ በእናቷ ነጭ ሻሽ አስራ፣ ግንባሬን ሳመችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ሽማግሌ በሚመጣበት ቀን ልጅቷ አትታይም። እኔም አላይም። ቤቱ ውስጥ የሚያይ ሰው እታገኝ ብቻ ቀረች።

ዓይን ሲታሰር ዓለም እንዴት እንደሚለሰልስ ልነግራችሁ አልችልም። ጨለማው ጨለማ አይደለም፤ መሃሉ ላይ የማህሌት ሰማያዊ ኮከብ እስካሁን ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ ይዋኛል። የቅዳሴው ድምፅ ከሩቅ ይመጣል። የሚኒባስ ጥሩምባ እንኳ ዜማ አለው። "አይሆንም" የምትለዋን ቃል በልቤ ይዤ፣ ወንበሬ ላይ፣ ውኃ ላይ እንደተኛ ሰው ተንሳፈፍኩ።

ከቅዳሴ መልስ መጡ። በሩ ድምፅ አላሰማም፤ የሰማሁት ጫማቸውን ነው። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ድንቁ፣ የመርካቶ ነጋዴ፣ ድምፃቸው እንደ ከበሮ የሚከብድ ሰው ናቸው። አብረዋቸው አቶ ታፈሰና አንድ ቄስ አሉ።

"ቤት ለእንግዳ፤ ተቀመጡ" አለች እታገኝ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ድንቁ እንደ ደንቡ። ድምፃቸው ወደ እኔ ዞረ። "ለመሆኑ ባለቤትዎ ምን ሆኑ?"

እታገኝ "ዓይናቸውን አሟቸው ነው" ከማለቷ እንባዬ ከድንቹ ሥር አምልጦ በሁለቱም ጉንጬ ወረደ። ልጠርገው ብል ባሰው። አፍንጫዬም ተባበረ።

"ይልቀሱ፣ ይልቀሱ" አሉ ቄሱ በሐዘኔታ። "ልጅ መስጠት እንዲህ ነው። አባት አይደሉ?"

"ዓይናቸው እስኪታመም አለቀሱ እንዴ?" አሉ አቶ ታፈሰ፤ ድምፃቸው ትንሽ ተናግቷል።

"አይደለም፣ ይሄ የ…" ብዬ ስጀምር ሳግ መስሎ ወጣ። ተውኩት።

አቶ ታፈሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያ ጉሮሮ መጥረግ ገባኝ፤ ቅድመ ሁኔታው ሊመጣ ነው። ቃሌን አዘጋጀሁ። "እንግዲህ ባለፈው እንዳነሳነው፣ የልጅቷን ሥራ በተመለከተ…" ሲሉ ከውጭ፣ ከበሩ በኩል፣ ቀስ ያለ ድምፅ ተሰማ። ቲክ። ቲክ። ቲክ።

"ምንድነው?" አሉ ቄሱ።

እታገኝ ወደ መስኮቱ ሄደች። "እንግዶች ናቸው" አለች። "የማህሌት እንግዶች… ከውጭ አገር የመጡ።"

"ስንት ናቸው?" አሉ ጋሽ ድንቁ።

"ሦስት።"

ሽማግሌም ሦስት ነው የሚላከው።

"ሙሉ ልብስ ለብሰዋል" አሉ ቄሱ፤ እሳቸውም መስኮቱ ጋ ሄደዋል ማለት ነው። "አንደኛው አበባ ይዟል። አንዲት ሴትዮም አሉበት፤ ትልቅ ሰው ናቸው።"

አበባው ለትናንቱ ምሳ ምስጋና ነበር። እኔ አላየሁትም፤ ያወቅኩትም ኋላ ነው። አቶ ታፈሰ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ሲሉ የሽቷቸው ሽታ መጣ።

"ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ምንድነው የሚፈልጉት?"

ስለ ስብሰባው የጠየቁኝ መሰለኝ። ደግሞ ደስ የሚለኝ ወሬ ነው፤ ኮከቡም ፊቴ ላይ እየዋኘ ነው።

"ማህሌትን ነው" አልኳቸው በጨዋነት። "አብራን ትሁን ይላሉ። እጇን አይተው በጣም ወደዷት። ዓለም በሙሉ በአንድ ቃል እንዲስማማ ነው የሚደክሙት፤ እሷም መሃላቸው እንድትሆን ነው።"

"ወደ አገራቸው ሊወስዷት?"

"ትሄዳለች፣ ትመለሳለች።"

"ስለ ሥራዋስ ምን አሉ?"

"ስለ ሥራዋ!" አልኩ፤ ሳላስበው ድምፄ ከፍ አለ። "ሥራዋን እንኳን ተዪ ሊሏት፣ ጨምሪበት ነው የሚሏት። እኚያ ሽበታም ፕሮፌሰር ራሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በያጅ ናቸው። እኔም ትናንት አየሁ። አቶ ታፈሰ፣ ልጄ ያንን ሥራ ስትሠራ አየሁ። ትተወው ብትሉኝ…" እዚህ ጋ ቃሏ መጣች። ጉሮሮዬ ውስጥ ስትወጣ ተሰማኝ። "አይሆንም።"

ተናገርኳት። ቤቱ አልፈረሰም። እንባዬ ብቻ እየወረደ ነው።

ከውጭ ቲክ፣ ቲክ ይላል።

"እኛም እኮ" አሉ አቶ ታፈሰ በመጨረሻ፣ "ትተወው አላልንም። እንዳትደክም ብለን አስበንላት ነው። ደስ ካላት ትሥራ። ከነ ሥራዋ ነው የወደድናት።"

ጋሽ ድንቁ አልዘገዩም። "አባታችን፣ ሰምተዋል? ሰው ፊት የወጣ ቃል ነው።"

"ሰምቻለሁ" አሉ ቄሱ።

"እንግዲያው ቤተ ዘመድ እንሁን። ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን።"

"እግዚአብሔር የፈቀደው ይሁን" አልኩ። "ሰጥተናል።" ከጓዳ አንድ የሆነ ዕቃ ወደቀ። እታገኝ እልልታዋን አቀለጠችው። ቄሱ መረቁ። እንግዶቼም እልልታውን ግቡ የተባሉ መስሏቸው ገቡ፤ ብራዚላዊው ምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሮ እልል ለማለት ሞከረ። ፊንላንዳዊው ግን ከእኔ ፊት ቆሞ፣ ሁለት ጊዜ አስቦ፣ "ኖ ክራክ" አለ።

"ምን አለ?" አሉ ጋሽ ድንቁ።

"ስንጥቅ የለበትም አለ" አልኩ።

ማህሌት አሁን መውጣት ትችላለችና ወጥታ የሁሉንም ጉልበት ሳመች። አቶ ታፈሰ ወሬው አላስቀምጥ ብሏቸዋል። "እስቲ ጠይቂልኝ" አሏት፤ "እነዚህ ሰዎች የማን ሽማግሌ ሆነው ነው የመጡት?" ማህሌት ግራ ተጋብታ አስተረጎመች። ብራዚላዊው፣ ኋላ እንደነገሩኝ፣ በሁለት እጁ የቤቴን በር አሳየ።

ሳቁን ልነግራችሁ አልችልም፤ የቄሱ ሳቅ ከሁሉ በለጠ። አቶ ታፈሰ ብቻ አልሳቁም። ወደ ውጭ ሲወጡ ጫማቸውን ሰማሁ። ሊሄዱ ነው ብዬ ደነገጥኩ። በሩን ከፈቱት፣ ዘጉት፤ እንደገና ከፈቱት፣ ዘጉት። ተመልሰው መጡ።

"አንቺ ነሽ የበየድሽው?" አሏት ማህሌትን።

"አዎ።"

"እኛም ቤት አለ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አንድ አልከፈት ያለ በር።"

ፕሮፌሰሯ ወደ እኔ መጥተው ሻሹን ቀስ ብለው ከፍ አደረጉት። የነጭ ፀጉራቸው ጥላ ብቻ ታየኝ። ራሳቸውን ነቀነቁ። በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አሉ፤ ማህሌትም ነገረችኝ። "የእኔም አባት አይተውኛል፤ ያውም አንዴ አይደለም ይላሉ።"

እንግዳ ሁሉ ሲሸኝ ጋሽ ድንቁ ወደ ኋላ ቀሩ። እጄን ያዙኝና ያ ከበሮ ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆነ።

"ድንቹን ገና ስገባ ነው ያየሁት" አሉኝ። "ታናሽ ወንድሜ በያጅ ነበር። እናታችን ድንች እየላጠች ነው ያሳደገችው። ፈረንጆቹንም በመስኮት እንዳየኋቸው ገባኝ። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው በር በመዶሻ እየመታ ጆሮውን አይለጥፍበትም።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"የሴት ልጆች አባት ነኝ፣ ወንድሜ። ያንን ቅድመ ሁኔታ ተሸክሜ ስመጣ እግሬን እየጎተትኩ ነበር። እርስዎ አይሆንም ባይሉ ኖሮ እኔ ምን ይዤ እመለስ ነበር?"

እጄን ጫን አድርገው ለቀቁኝና ሄዱ።

"ምን አሉህ?" አለች እታገኝ ከበሩ ስትመለስ።

"ዓይንዎን ይማርልዎ አሉኝ" አልኳት።

ማህሌት እንግዶቹን ታክሲ ልታሳፍር ወጥታ ነበር። ድምፃቸው በአስፋልቱ በኩል እየራቀ፣ እየተደባለቀ ሲሄድ አዳመጥኩ። የእሷን ሳቅ ለየሁት። ያኔ እውነተኛው እንባ መጣ። ትኩስ ነበር፤ እንደ ጠዋቱ አያቃጥልም። ድንቹን አልፎ፣ ሻሹን አርሶ፣ አንገቴ ድረስ ወረደ። እታገኝ አዲስ ድንች ልትቆርጥልኝ ሄደች። ለምን ታለቅሳለህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።